ፎቶ ቤት ያነጣት እናቴ

እማዬ ባረፈች በሦስተኛው ቀን ወንድሜ ትልቅ ፍሬም ታቅፎ ከፎቶ ቤት መጣ። ድንኳኑ ውስጥ፣ ከመግቢያው ፊት ለፊት፣ ጠረጴዛ ላይ አቆመው። ግራና ቀኙ ሻማ በራ። ሰዉ ቀና ብሎ አየና ለቅሶው እንደ አዲስ ፈነዳ። እኔም ቀና ብዬ አየሁ። እንባዬ ቆመ።

ፎቶው ላይ ያለችው ሴት ቀይ ናት።

እማዬ ቀይ አልነበረችም። ጠይምም አልነበረችም። ጥቁር ነበረች። እንዲህ ስል የሚያርመኝ ሰው አይጠፋም። «ጠይም በይ እንጂ» ይሉኛል፣ ክፉ ቃል ከአፌ የወጣ ይመስል። ጠይም ይዘፈንለታል። «ጠይም ዓሣ መሳይ» ተብሎ ይወደሳል። ጥቁር ሲሆን ግን ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ጥቁር ናት፣ ግን ቆንጆ ናት» ይላል። ያቺ «ግን» ከልጅነቴ ጀምሮ ጆሮዬ ውስጥ አለች። ምክንያቱም እኔም የእናቴን መልክ ነው የወረስኩት።

ወንድሜን አልወቅሰውም። ሦስት ቀን ዓይኑን አልከደነም። እጁ ላይ የነበረው የመታወቂያዋ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። ፎቶ ቤቱም የለመደውን ሠራ። ጉርዱን አሳደገው፣ ቆዳዋን አነጣው፣ ግንባሯ ላይ ያሉትን መስመሮች ጠረገ። አንገቷ ላይ የነበረው ንቅሳት ሳይቀር ጠፍቷል። ልጅ ሆኜ ጭኗ ላይ ተቀምጬ በጣቴ የምከተለው ንቅሳት። ሦስት ረድፍ ነበር፤ ሦስተኛው ረድፍ ጆሮዋ ሥር ሲደርስ ይቋረጣል። «ስነቀስ አምልጬ ሮጥኩ» ትለኝ ነበር።

«አጽድተነዋል» ነው ያሉት ወንድሜን። ለቀስተኛውም «እንዴት ቆንጆ ሆና ወጣች!» አለ። ማንም በክፋት አላለውም።

አርባዋ ወጣ። ድንኳኑ ፈረሰ። ፎቶው ሳሎን ተሰቀለ። እኔ ግን አንድ ነገር ይጨንቀኝ ጀመር። ዓይኔን ጨፍኜ እማዬን ሳስባት የሚመጣልኝ ፍሬሙ ነው። እጇ ይመጣል፣ ድምጿ ይመጣል፣ ሳሏ ይመጣል። ፊቷ ጋ ስደርስ ያቺ ቀይ ሴት ትቀመጥበታለች። እናቴን ሁለት ጊዜ የቀበርኳት መሰለኝ።

ጥቁር ከቱቦ አይወጣም

እማዬ ከማረፏ ሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥዕል እማራለሁ። የውሃ ቀለም። ቀኑን ሙሉ ከቁጥር ጋር ስለምውል፣ ውሃ ወረቀት ላይ ሲሄድ ማየት ያሳርፈኝ ነበር። አበባ እሥላለሁ፣ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ እሥላለሁ። ሰው አልሞክርም።

የውሃ ቀለም ከዘይት ቀለም በአንድ ነገር ይለያል። ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። ብርሃን የምትፈልግበትን ቦታ ሳትነካ ትተዋለህ፤ አንዴ ካጨለምከው መመለስ የለም። በላዩ ነጭ ልቀባ ብትል ዱቄት የነሰነስክበት ይመስላል። በውሃ ልፈግፍገው ብትል ወረቀቱ ይላጣል። ቀለሙ ወረቀቱን የሚይዘው በሙጫ ነው፤ ከግራር ዛፍ የሚለቀም፣ ሱዳንም እኛም ቆላ አገር የሚገኝ ሙጫ። ውሃ ሲነካው መልሶ ይሟሟል። የትናንቱን ቀለም ዛሬ በእርጥብ ብሩሽ ደጋግመህ ካሸኸው ተነስቶ ይሄዳል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው።

አስተማሪያችን መጀመሪያ ያስተማረን ስለ ጥቁር ነው። «ከቱቦ አውጥታችሁ አትቀቡ» አለን። የቱቦው ጥቁር፣ አይቨሪ ብላክ የሚባለው፣ ከተቃጠለ አጥንት የሚሠራ ነው። ለብቻው ስትቀባው ቀዳዳ ይመስላል። ሕይወት ያለው ጥቁር የሚገኘው ሰማያዊውን አልትራማሪንና የተቃጠለ አፈር የሆነውን በርንት ሲዬናን ስታገናኛቸው ነው። ሁለቱም ጥቁር አይደሉም። ሲገናኙ ይጠቁራሉ። ወረቀቱ ላይ ሲደርቁ ደግሞ የሰማያዊው ቅንጣት ወደ ወረቀቱ ጎድጓዳ ይወርዳል፣ ቡናማው በላይ ይቀራል። ጠጋ ብለህ ስታየው ጥቁሩ ውስጥ ሁለት ቀለም ይተነፍሳል።

ሌላም አስቸጋሪ ነገር አለው። ሲደርቅ ይፈዛል። እርጥብ ሳለ ድቅድቅ ያለው ጥቁር ጠዋት ስትነሣ ግራጫ ሆኖ ይጠብቅሃል። ስለዚህ አንዴ አይበቃም። ትቀባለህ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ትጠብቃለህ፣ ደግሞ ትቀባለህ። ቸኩለህ በእርጥቡ ላይ ከደገምክ ይጨማለቃል።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ክፍል ስመለስ ወደ አበባ መመለስ አልቻልኩም። እጄ የሚሄደው ወደ ጨለማ ነው። ጨለማ ያልኩት ግን አንድ የማውቀው ቤት ነው፤ ደብረ ብርሃን ያለው የእማዬ ማድ ቤት። ከዋናው ቤት ተነጥሎ ጓሮ የተሠራ፣ መስኮት የሌለው፣ ግድግዳው በኩበት ጭስ የጠቆረ። ከጣሪያው ጥቀርሻ እንደ ክር ተንጠልጥሎ ይወርዳል። በር ስትከፍት ለአንድ ደቂቃ ምንም አይታይም። ከዚያ መጀመሪያ የምጣዱ ከንፈር ይታያል፣ ቀጥሎ ጉልቻው፣ ቀጥሎ እሷ።

ብሩሹን ያስቀመጥኩበት ምሽት

ማክሰኞ ማታ ነው። መብራት ሄዶ መጥቷል። ጠረጴዛዬ ላይ ከውጭ አገር ያስመጣሁት ባለ 300 ግራም የጥጥ ወረቀት ተወጥሯል። እማዬ ምጣዱ ላይ ጎንበስ ብላለች፣ አክንባሎውን ከፍ አድርጋለች። ምጣዱ ላይ ያለውን እንጀራ ሳልነካ ነጭ ትቼዋለሁ። ፊቷ ላይ የመጀመሪያው ንጣፍ ደርቋል። ፈዛዛ ቡና ነው። ቀና ብዬ ሳየው ደነገጥኩ። የድንኳኗ ሴት ናት።

ሁለተኛውን ቀለም በጠበጥኩ። ብሩሹን ሞላሁት። ጠብታው ጫፉ ላይ ተንጠለጠለ። እጄ ከጉንጯ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ቆመ። አልወርድም አለ።

ውስጤ የመጣው ቃል «ይበላሻል» የሚል ነው።

ብሩሹን ውሃው ውስጥ አስቀመጥኩት። ይህን ቃል ማን ነው ያስቀመጠብኝ? ፎቶ ቤቱን ስወቅስ ከርሜ፣ እኔም የእናቴ ፊት ከጠቆረ ይበላሻል ብዬ ፈራሁ። ግድግዳውን ያለ ምንም ስጋት አጥቁሬዋለሁ። ምጣዱን አጥቁሬዋለሁ። ፊቷ ጋ ስደርስ እጄ ከዳኝ።

ያን ማታ ወደ ኋላ ብዙ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቅዱስ ሚካኤል የረገጠው ሰይጣን ጥቁር ነበር፣ ፊቱን ወደ ጎን ያዞረ፣ አንድ ዓይን ብቻ ያለው። በጥንቱ የሥዕል ሥርዓታችን ክፉ የሚሣለው እንዲህ ነው፤ ጻድቁ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ሰባት ስምንት ዓመት ቢሆነን ነው፣ አንድ ልጅ መጀመሪያ ሥዕሉን፣ ቀጥሎ እኔን በጣቱ አሳየ። ሌሎቹ ሣቁ። በዚያው ቤተ ክርስቲያን ሙሴ ጸሊም የሚባል ቅዱስ እንደሚዘከር፣ ጥቁረቱን በስሙ ተሸክሞ ቅዱስ የሆነ ሰው እንዳለ ያወቅኩት ግን ትልቅ ሴት ከሆንኩ በኋላ ነው። ለምን ማንም ቀድሞ አልነገረኝም?

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ደግሞ የፊት ክሬም ገዛሁ፤ የሚያነጣ የሚባለውን። ሜርኩሪ ያለባቸው እንዲህ ያሉ ክሬሞች ኩላሊት እንደሚጎዱ የዓለም ጤና ድርጅት ሲያስጠነቅቅ ቆይቷል፤ እኔ ግን ያኔ ማንን ልሰማ? ትራሴ ሥር ነበር የምደብቀው። ለእረፍት ቤት ሄጄ እማዬ አልጋ ስታነጥፍ አገኘችው። ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው።

«ይሄ ለምንድን ነው?»

«ለፊት ነው» አልኳት።

አየችኝ። እውነት ግራ ገብቷት ነበር። ቁጣ አልነበረባትም።

«ፊትሽ ምን ሆነ?»

መልስ አልነበረኝም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ ግን ያኔ የደበቅኩት ክሬሙን ነው እንጂ በሽታዬ ምን እንደሆነ ስሙንም አላውቀውም ነበር። እማዬ ዕቃውን መልሳ ትራሱ ሥር አስቀመጠችው። ከዚያ በኋላ አንስታው አታውቅም። እኔም ጨርሼ ሌላ አልገዛሁም። ስለዚያ ቀን በሕይወት እያለች አንድ ቀን አውርተን ቢሆን ምንኛ ደስ ባለኝ።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፏል። ብሩሹን ከውሃው አወጣሁት። ቀለሙን እንደገና በጠበጥኩ፣ ከበፊቱ አወፍሬ። ጠብታውን ጉንጯ ላይ ጣልኩት። ተስፋፋ። ወደ አገጯ ወረደ፣ ወደ ጆሮዋ ሄደ። ፊቷ በአንዴ እርጥብ ጥቁር ሆኖ አንጸባረቀ። ምጣድ ዳር ቆማ ላብ ሲያጠምቃት እንደዚያ ነበር የምታንጸባርቀው። ረስቼው ነበር። ፎቶው ከመጣ ጀምሮ ረስቼው ነበር።

ጮክ ብዬ አለቀስኩ። ድንኳን ውስጥ የቆመው እንባ ያን ሌሊት መጣ።

ጠዋት ቀለሙ ደርቆ ፈዟል። እንደሚፈዝ አውቃለሁ። ማታ ደገምኩ። በማግስቱም። ሰባት ንጣፍ ፈጀ። በየንጣፉ አንድ ነገር ይመለስልኛል። በሦስተኛው ማታ ክንዷ ላይ ያለው የእንፋሎት ጠባሳ። በአምስተኛው፣ ስትስቅ ከንፈሯን በነጠላ ጥለት የምትሸፍነው ነገር። ንቅሳቱን በስድስተኛው ቀን ሣልኩት፣ በቀጭን ብሩሽ። ሦስተኛውን ረድፍ ጆሮዋ ሥር ሲደርስ አቋረጥኩት።

ከጣሪያው ላይ የወረደው ቀለም

በመሀል ደብረ ብርሃን ሄጄ ነበር። ማድ ቤቱ ገና አለ። ከጣሪያው ጥቀርሻ በቢላ ፍቄ በትንሽ ብልቃጥ ይዤ መጣሁ። አስተማሪያችን ቁም ጸሐፊዎች ለብራና የሚሆነውን ጥቁር ቀለም ከጥላሸትና ከተቆላ እህል አዘጋጅተው ለወራት እንደሚያቦኩት ነግሮን ነበር። በቀይ የሚጻፈው የተቀደሰው ስም ነው። የቀረውን ሁሉ፣ ገጽ ሙሉ ቃል የሚሸከመው ጥቁሩ ነው። አውሮፓም ቢሆን ከእንጨት ጥቀርሻ ቢስተር የሚባል ቡናማ ቀለም ይወጣ ነበር፤ ሆላንዳዊው ሰዓሊ ሬምብራንት በቀለም ለሚሠራቸው ንድፎች ተጠቅሞበታል።

ጥቀርሻውን በመስተዋት ላይ ፈጭቼ ውሃ ጠብ ሳደርግበት ውሃውን አልቀበል ብሎ ተንሳፈፈ። ጭሱ ቅባት አለው። ጥቂት አረቄ ጠብ ሳደርግበት ግን ወዲያው ጠጣው። ከዚያ ሙጫ ጨመርኩበት። ቀለሙ ጥቁር ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሳቀጥነው ሞቅ ያለ፣ ማር የነካው ቡናማ ወጣው። ሽታው አልጠፋም። ግድግዳውን በሱ ደገምኩት።

«ምነው አጨለምሽው?»

ሥዕሉን ክፍል ይዤ ስሄድ ዝምታ ሆነ። አንዷ ጓደኛችን በኋላ ለብቻዬ ጠራችኝ። «ምነው አጨለምሽው? ሰው ብታማክሪስ?» አለችኝ። ከልቧ ነው። ቤት የሚመጣ ሰውም «ሊነጋ ሲል ይጨልማል፣ አይዞሽ» ይለኛል።

ይህን አባባል ብዙ አሰብኩበት። ደግ አባባል ነው፤ ብዙ ሰው አሻግሯል። ግን ጨለማን ንጋት እስኪመጣ የምንጠብቅበት በረንዳ ያደርገዋል። እኔ የሣልኩት በረንዳ አይደለም። ቤት ነው። እዚያ ውስጥ ነው እንጀራ የበላሁት፣ እዚያ ውስጥ ነው ፊደል የቆጠርኩት፣ ምክንያቱም ቤታችን ውስጥ የሚሞቀው ክፍል እሱ ብቻ ነበር። ሲነጋልኝ ትቼው የምወጣው ነገር አይደለም። ለጓደኛዬም እንዲህ አልኳት፤ የከፋኝ ጊዜ የነበረው ያቺን ቀይ ሴት እያየሁ ማልቀስ ሲያቅተኝ ነው። ይሄን ስሥል ተኝቻለሁ፣ በልቻለሁ። ጥቁሩ ለእኔ ሐዘኔ አልነበረም። መልኳ ነው።

ሰዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን ፓሪስ እያለ፣ በፈረንጆቹ 1964፣ የሣለው ሥዕል አለ። ስሙን ወደ አማርኛ ብመልሰው «የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ» ይሆናል። አሜሪካ፣ ኖርዝ ካሮላይና ሙዚየም ውስጥ ነው ያለው፤ እኔ በስልኬ ነው ያየሁት። ፍርሃትና ደስታ አንድ ሌሊት ውስጥ አብረው ይበራሉ። አንዱ ለአንዱ ቦታ አይለቅም። ስልኬን አጠገቤ አስደግፌ ብዙ ማታ አየሁት።

ስለ ፎቶም አነበብኩ። በፈረንጆቹ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ፊልም አምራቹ ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት፤ «ሸርሊ» ይሏታል። ማሽኑ የሚስተካከለው የእሷ ቆዳ እስኪያምር ነው። ጥቁር ፊት በዚያ ልክ ሲታጠብ ዝርዝሩ ይጠፋል፣ ዓይንና ጥርስ ብቻ ይቀራል። ዓመታት አልፈው ነው ያስተካከሉት። የእማዬን የድሮ ፎቶዎች አወጣሁ። እውነትም በሁሉም ላይ ፊቷ ጭፍን ያለ ነው። በሠርጓ ፎቶ ላይ ቬሏ እንጂ እሷ የለችም። ድሮ ፊልሙ ደፈናት፣ ዛሬ ኮምፒውተሩ አነጣት። አንዱም እሷን አላያትም።

ፎቶውን ከሳሎን አላወረድኩትም። የወንድሜ ነው፣ በፍቅር ያመጣው ነው። ሥዕሉን ግን ትይዩ ሰቀልኩት።

ባለፈው ሳምንት አክስቴ፣ የእማዬ ታናሽ፣ ከደብረ ብርሃን መጣች። ቡና እያፈላሁ ነበር። ሥዕሉ ፊት ቆመች። ነጠላዋን አስተካክላ ጠጋ አለች። ዝም አለች። አንገቱ ላይ ያለውን ንቅሳት በጣቷ፣ ሳትነካው፣ ተከተለችው። መጨረሻው ላይ ስትደርስ «እዚህ ጋ ነው የሮጠችው» አለች።

ረከቦቱን ትቼ አጠገቧ ሄድኩ። አሁንም እያየች ነው። ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

«ልጄ፣ ይሄ እንጀራ ግን የማን ነው?»

«የእማዬ ነዋ፣ እቴቴ።»

«አይደለም። ነጭ ጤፍ የት ነበረንና? እኛ አገር ገብስ ነው። ጠቆር ያለ፣ ወፈር ያለ። እንዲህ ያለ እንጀራ እኅቴ ቤት ለጥምቀት እንኳ አልተጋገረም።»

እንጀራውን አየሁት። መጀመሪያ ቀን ጀምሮ ሳልነካ የተውኩት ብቸኛው ነጭ። ማንም ሳያዘኝ ያነጣሁት እኔ ነኝ።

ፍሬሙን አወረድኩ። ሥዕሉን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስተኛሁት። የጥቀርሻውን ብልቃጥ አመጣሁ፣ በብዙ ውሃ አቀጠንኩት። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። ብሩሹን ከምጣዱ ዳር አስነሥቼ ወደ መሀል ወሰድኩት።

«ጨምሪ» አለች። «ገና ነው። ጨምሪበት።»